ስለ መንገድ መገንጠያና ስለ ሕዝብ ፈቃድ



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይገባል። በዚያም መንገዱ ይገነጠላል። አንደኛው ወደ ፊት ቀጥሎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ በኩል ያልፋል፤ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ በሳንቃ በር አድርጎ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና ወደ ጃናሞራ ይወጣል። ዛሬ የምናገረው ነገር መነሻው ይህ መገንጠያ ነው።

በገበያ ቀን ጧት በመገንጠያው አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ቆሞ የተመለከተ ሰው የአገራችንን ኑሮ በአንድ ስፍራ ሲተላለፍ ያየዋል። ሲሚንቶ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና፣ ከጎንደር የመጣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ ጎብኚዎችን የያዘ የመስክ መኪና፣ ገብስ የተጫነች አህያ፣ ደብተራቸውን በእጃቸው የያዙ ተማሪዎች፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ማን አስቀድሞ ይለፍ? ደንቡስ ተጽፏል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የሚፈርደው ደንቡ ሳይሆን የመኪናው ክብደት ነው። ትልቁ ያልፋል፣ ትንሹ ይቆማል፣ እግረኛው ይሮጣል። ሊማሊሞን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ የቆየ ሾፌር የደባርቅን ሜዳ ባገኘ ጊዜ እግሩ ነዳጅ መርገጥን ቢናፍቅ አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ ናፍቆቱን የሚፈጽመው ተማሪዎች በሚሻገሩበት ስፍራ ላይ ነው።

ይህ የደባርቅ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዳባትም፣ ሌሎችም ብዙ ከተሞቻችን አገር አቋራጩን መንገድ ተከትለው ያደጉ ስለሆኑ፣ ለሩቅ መንገደኛ የተሠራው አስፋልት ለነዋሪው የገበያና የትምህርት ቤት መንገድ ሆኖ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ አስታውቋል፤ ከእነዚህም ከእኩሌታው የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌተኞች ናቸው። መኪና የሌለው ሰው የመኪናን ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለ መገንጠያ የመንገድ መሐንዲሶች ከሚያቀርቧቸው መፍትሔዎች አንዱ፣ በእኔም አስተያየት ለአነስተኛ ከተማ ከሁሉ የሚሻለው፣ ትንሽ ክብ አደባባይ ነው። አደባባይ ባልሁ ጊዜ አንባቢው ወዲያው አራት ኪሎንና ስድስት ኪሎን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አደባባይ በቋንቋችን የቆየ ቃል ነው፤ የፍርድና የጉባኤ፣ ሰው በሰው ፊት የሚቆምበት ስፍራ ነው። መኪና ከመጣም ወዲህ ሐውልቶቻችንን በመካከል አቁመን መኪናውን በዙሪያቸው አስኬድነው። ከዚህም የተነሣ ሁሉም ሰው አደባባይን የሚያውቅ ይመስለዋል። እንግዳ ነገርን በእንግዳ ስም ማስተዋወቅ ቀላል ነው፤ ሰው ስለማያውቀው ይጠይቃል። እንግዳ ነገር በለመድነው ስም ሲመጣ ግን የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ ፈርዶ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ የምናገርለት አደባባይ ከዳር እስከ ዳር ከ30 እስከ 40 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ አንድ መኪና ብቻ በአንድ ረድፍ የሚዞርበት ነው። መግቢያው ሆነ ተብሎ ጠበብና ጎበጥ ይደረጋል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ቢወድም ባይወድም ፍጥነቱን በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሳይቀንስ ሊገባ አይችልም። በየመግቢያው መካከል ከፍ ያለች ትንሽ ደሴት ትሠራለች፤ እግረኛው መጀመሪያ ከአንድ ወገን የሚመጣውን ብቻ አይቶ እስከ ደሴቲቱ ይሻገራል፣ በዚያም ቆሞ ሌላውን ወገን አይቶ ይጨርሳል። መሻገሪያው ከአደባባዩ አንድ የመኪና ቁመት ያህል ራቅ ይላል። ለባለ ተሳቢ መኪናም ታስቦለታል፤ በመካከለኛው ክብ ዙሪያ ዝቅ ብሎ በድንጋይ የተነጠፈ ጠርዝ ይደረጋል፣ የኋላው ጎማ በጠበበው ጊዜ በዚያ ላይ ይወጣል። ኮብልስቶን ማንጠፍን ወጣቶቻችን በየከተማው ስለለመዱት፣ ይህ ሥራ ከውጭ የሚመጣ ጥበብ አያስፈልገውም።

አራት መንገዶች በሚገናኙበት በተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪና ከመኪና መጋጫ ነጥቦች 32 ናቸው፤ በትንሹ አደባባይ ላይ ግን 8 ብቻ ይቀራሉ። ደባርቅ እንደሚገኘው ባለ ሦስት መንገድ ሲሆን 9 የነበረው 6 ይሆናል። ከ9 ወደ 6 መውረዱ ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር አልቃወመውም። ዋናው ጥቅም ከቁጥሩ ይልቅ በግጭቱ ዓይነት ላይ ነው። ፊት ለፊት መላተምና ከጎን መብሳት በአደባባዩ ላይ የሚፈጠሩበት ዕድል በጣም ያንሳል፤ የሚቀረው በዝግታ ጎን ለጎን መነካካት ነው። አንዱ መከላከያ ያስጎብጣል፣ ሌላው ግን ሬሳ ያስነሣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት፣ ከመብራት ወይም ከቁም ምልክት ወደ አደባባይ የተለወጡ 24 መገናኛዎችን መርምሮ፣ የአካል ጉዳት ያደረሱ ግጭቶች በ76 ከመቶ፣ ሞትና ከባድ ጉዳት ያደረሱት ደግሞ ወደ 90 ከመቶ በሚጠጋ መጠን መቀነሳቸውን አግኝቷል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ሕዝቡ ለምን አይወደውም?

ብዙ መሥሪያ ቤት ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሕዝቡ ስላልገባው ነው ይላል። እኔ ግን የሕዝቡን ተቃውሞ በጥሞና ባዳመጥሁ መጠን ከእውነት የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ፣ አዲስ አበባ ያፈረሰችውን ለእኛ ልታመጡብን ነውን? የሚለው ነው። በእርግጥም ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ በርካታ አደባባዮች ፈርሰው በትራፊክ መብራት ተተክተዋል። ይህን የሰማ የደባርቅ ነጋዴ የተጣለ ዕቃ ሊሸጡልኝ ነው ብሎ ቢጠረጥር ምን ይደንቃል? መልሱ ተደብቆ ሳይሆን ተገልጦ ሊነገረው ይገባል። በአዲስ አበባ የፈረሱት መኪና እጅግ በበዛበት ስፍራ የነበሩ፣ በብዙ ረድፍ የሚዞርባቸው ሰፋፊ አደባባዮች ናቸው፤ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው መኪና በልክ ካላለፈ ክቡ ይቆለፋል። በደባርቅ የሚያልፈው መኪና ግን ያን ያህል ስላልሆነ ትንሹ አደባባይ ያለ ጭንቅ ያስተናግደዋል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራውን አያቋርጥም። መብራት የሚጠፋበትን ቀን አንባቢው ራሱ ይቁጠረው።

መቆለፍን ካነሣን ዘንድ፣ እንግሊዞችም በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ተቸግረው ነበር። አደባባዮቻቸው በየጊዜው ይቆለፉ ነበር፤ ምክንያቱም የሚገባው መኪና አስቀድሞ ገብቶ ለሚዞረው የመቆም ግዴታ አልነበረበትም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ወደ አደባባይ የሚገባ ሁሉ በውስጥ ላለው ቅድሚያ ይስጥ የሚል ደንብ ወጣ፤ አደባባዩም ተፈታ። ድንጋዩ አልተለወጠም፣ ክቡም አልሰፋም፤ የተለወጠው ማን ይጠብቅ የሚለው ብቻ ነው።

ለሥራ ጉዳይ ወደ ደባርቅ በሄድሁ ጊዜ፣ ከመንገዱ ዳር በቅሎዎቻቸውን ይዘው ከቆሙ አንድ ሽማግሌ ጋር ተጫውቼ ነበር። ሳንቃ በር ስሙ እንደሚናገረው በር ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ሸንተረሩ ጠቦ ገደል በግራና በቀኝ የሚታይበት ስፍራ ነው። «አባቴ፣ በሳንቃ በር አካባቢ በጠባቡ መንገድ ላይ ሁለት ጭነት ሲገናኝ ማን ያልፋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ የገባው ይወጣላ! የሚገባው ዳር ይዞ ይጠብቃል እንጂ። ሁለቱም ከገቡማ ማን ወደ ኋላ ይመለሳል?» አሉኝ። እንግሊዞች በ1966 ያወጡትን ደንብ በቅሎ ነጂው ያለ ደንብ መጽሐፍ ያውቁታል። ይህን የመሰለ እውቀት በአገሩ ላይ እያለ፣ ሕዝቡ አልገባውም የምንል ሰዎች በየትኛው ቋንቋ ስንነግረው እንደቆየን ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

ሕዝብ ያልለመደውን የመንገድ ለውጥ መቀበሉ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንደሚያስታውሱት፣ በኢትዮጵያ መኪና በመንገዱ ግራ በኩል ይነዳ ነበር፤ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ወደ ቀኝ ተዛወረ። አንድ ሾፌር እጁና ዓይኑ የለመደውን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ሲተያይ በአንድ ከተማ አንድ መገንጠያን መለወጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከእኛ ሦስት ዓመት በኋላ ስዊድኖች ይህንኑ አደረጉ፤ የእነርሱ ታሪክ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ ልዩ ትምህርት አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ሕዝቡ በድምፅ ተጠይቆ 83 ከመቶ ያህሉ አንፈልግም ብሎ ነበር። መንግሥት ግን ጉዳዩን አልተወም፤ በ1963 ምክር ቤቱ ለውጡን ወሰነ፣ ከዚያም ብዙ ዝግጅት ተደረገ። የለውጡ ምልክት በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር ታተመ፣ ዘፈንም በውድድር ተመረጠለት። መስከረም 3 ቀን 1967 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ወደ ቀኝ ተሻገረ። በማግስቱ ሰኞ የተመዘገቡት አደጋዎች ከተለመደው ሰኞ እንኳ ያነሡ ነበሩ።

ይህን ታሪክ ሲተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ቀጣዩን ልናገር፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ የአደጋው ቁጥር ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሰው የተጠነቀቀው መንገዱ እንግዳ ስለሆነበት ነበር፤ ሲለምደው ጥንቃቄው ተወው። የትንሹ አደባባይ ብልጫ በዚህ ላይ ይታያል። ደኅንነቱ የተመሠረተው በሾፌሩ ፍርሃት ሳይሆን በመንገዱ ቅርጽ ላይ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ሺህ ጊዜ ቢያልፍበት ኩርባው አይቃናለትም። እንግዳነቱ ያልፋል፤ ዝግታው ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሕዝብ አንፈልግም እያለ መሥራት ተገቢ ነው እያልሁ አይደለም። ስዊድኖች አሥራ ሁለት ዓመት የቆዩበት ምክንያት ነበራቸው። በአሜሪካ በካንሳስ፣ በሜሪላንድና በኔቫዳ አደባባይ በተሠራባቸው ሦስት አካባቢዎች ሾፌሮች ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ነበር። ከመሠራቱ በፊት የደገፉት 31 ከመቶ ሲሆኑ፣ ተሠርቶ ከነዱበት በኋላ 63 ከመቶ ሆኑ። በመካከሉ ሐሳባቸውን የለወጠው ስብከት ሳይሆን መሪው በእጃቸው መዞሩ ነው። በኢንዲያና ግዛት ካርመል በምትባል ከተማ ጄምስ ብሬነርድ የተባሉት ከንቲባ በእንግሊዝ አገር ሲማሩ ያዩትን አደባባይ በ1990ዎቹ በጥቂቱ ጀምረው፣ ከተማይቱ ዛሬ ከ150 በላይ አሏት። አንዱ የሚቀጥለውን እያስወደደ ነው እዚህ የደረሰችው።

እንግዲህ ሰው የሚወደው ከሞከረው በኋላ ከሆነ፣ ደግሞም ካልወደደው እንዳይሠራ የሚያስፈራ ከሆነ፣ መውጫው ሳይሠሩ ማስሞከር ነው። ይህም በአዲስ አበባ ታይቷል። በ2009 ዓ.ም. በለገሃር መገናኛ ላይ፣ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት በቀለምና በሚነሡ ነገሮች ብቻ መንገዱ እንደ አዲስ ተከፋፈለ፤ ለመኪና ያለ ጥቅም ተዘርግቶ የነበረው አስፋልት ለእግረኛ ተሰጠ፣ መሻገሪያውም አጠረ። በኋላም በሰባተኛ እንዲሁ ተደረገ። የቀለም ሥራ ስህተት ቢገኝበት በማግስቱ ይታረማል፤ የሲሚንቶ ስህተት ግን ሃያ ዓመት ይኖራል።

ለደባርቅም ሆነ ለዳባት የሚበጀው ይህ መንገድ ይመስለኛል። ደብዳቤ ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፍ ሕዝቡ ተነግሮታል ማለት የለመድነው ልማድ ነው፤ ሰሌዳውን የሚያነበው ግን እዚያው መሥሪያ ቤት የሚውለው ጸሐፊ ብቻ ነው። ከዚህ ይልቅ መሐንዲሱ ፕላኑን ይዞ ወደ እድሩ ስብሰባ ይሂድ፤ ፕላኑም ከመጽደቁ በፊት ይሂድ እንጂ ከጸደቀ በኋላ ለምርቃት አይሁን። ቀጥሎ ገበያ በሌለበት ቀን ክቡ በኖራ ይሰመር፣ ዙሪያው በአሮጌ ጎማና በአሸዋ በተሞላ በርሜል ይታጠር። ከከተማው ረጅሙ ባለ ተሳቢ መኪና ተጠርቶ ሾፌሩ ራሱ ይዙርበት፤ ከጠበበው በርሜሉ በዓይኑ ፊት ይገፋለት። ትራፊክ ፖሊሱ ለመቅጣት ሳይሆን ለማሳየት ይቁም። የባጃጅ ማኅበሩም፣ የሱቁም ባለቤት ይኑር፤ መኪና በደጄ ካልቆመ ገበያ አጣለሁ የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ስለሆነ፣ ዕቃ የሚወርድበት ቦታ በዚያው ቀን በኖራ ይሰመርለት። ማየት የተሳናቸው ሰዎች አስቀድመው ይጠየቁ፤ መኪና በማይቆምበት ክብ ላይ መሻገሪያ ጊዜውን በጆሮ መለየት እንደሚያስቸግራቸው በውጭ አገርም የታወቀ ነው፣ የኔም ሐሳብ ደካማ ጎን ይኸው ነው።

የሙከራው ውጤት ተቆጥሮ ይነገር፤ መጥፎም ቢሆን ይነገር። በዚህ ረገድ አካባቢው የታደለ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር በዳባት የሚሠራው የጥናት ማእከል የሰዎችን ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ከመቁጠር ልማድ ጋር የተዋወቀ ሕዝብ በዚያ አለ። የመገንጠያውን ግጭት ከለውጡ በፊትና በኋላ መቁጠር ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ሽማግሌውን በቅሎ ነጂ ከመሰናበቴ በፊት የአደባባዩን ሥዕል በመሬት ላይ በበትር ሥዬ አሳይቻቸው ነበር። ጥቂት ተመልክተው፣ «ይህች መካከለኛዋ መቆሚያ ለሰው ትበቃለች። የተጫነች በቅሎስ? ፊቷ እዚህ፣ ጀርባዋ እዚያ መኪናው መንገድ ላይ ሊቀር ነው» አሉኝ። መሐንዲሶች ለእግረኛ ደሴት የሚሰጡት ወርድ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ነው፤ ጭነት የተሸከመች በቅሎ ከነሳቢዋ ግን ከዚያ ታልፋለች። በደባርቅ የሚሠራው ደሴት ቢያንስ አንድ ሜትር ተጨምሮለት መሠራት አለበት፤ ይህንንም ከኖራው መስመር በፊት በፕላኑ ላይ ማስተካከል ይቻላል።